«ልቤ እንዲህ አለኝ» ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት

እኩለ ሌሊት ላይ የላክኩት አንድ መልእክት ከወንድሜ ጋር ስምንት ወር አኳርፎኛል። መልእክቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ውሸት አልነበረም፤ ግማሹ እንዲያውም እውነት ነው። ግን ስጽፈውም ስልከውም ያዘዘኝ ንዴቴ ነበር። ጠዋት ስነቃ ንዴቱ የለም፣ መልእክቱ ግን አለ። በዚያው ሳምንት ስለ ይቅርታ ስንማር ከልቤ «አሜን» ብዬ ነበር። እምነት አጥቼ አይደለም። እምነቴ እሑድ ላይ ነበር፣ ውሳኔዬን የወሰንኩት ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ ሁለቱ አልተገናኙም።

ይህን የምጽፈው ሁለቱን ማገናኘት ስለሚቻል ነው። በአንድ ቀን አይሆንም። ልምምድ ይፈልጋል። እኔ የምከተለውን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ፤ እናንተ ደግሞ ከራሳችሁ ሕይወት ጋር እያያችሁት ያዙት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናጥራ

ስሜት ኃጢአት አይደለም። «አማኝ አይፈራም፣ አማኝ አያዝንም» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ጎድቷል። ኢየሱስ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ መቃብሩ ጋ ሲደርስ አልቅሷል። በሰንበት ቢፈውስ ሊከሱት የሚጠባበቁትን ሰዎች በቁጣ ነው ያያቸው። ጌቴሴማኒ ውስጥ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። እሱ ኃጢአት የሌለበት ከሆነ፣ ማልቀስም መቆጣትም መጨነቅም በራሱ ኃጢአት ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

እኔ ነገሩን የምረዳው በችሎት ምሳሌ ነው። ስሜት ምስክር ነው፣ ዳኛ ግን አይደለም። ምስክር ይሰማል፣ ምክንያቱም ያየው ነገር አለ። ሆኖም ምስክር ይሳሳታል፣ ያጋንናል፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ ይዋሻል። ስለዚህ ቃሉ ይመረመራል። ምስክሩን ከችሎት ማባረር ፍርድ ያጓድላል፤ ስሜታቸውን አፍነው የሚኖሩ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንን ነው። ምስክሩን በዳኛው ወንበር ማስቀመጥ ደግሞ የባሰ ነው፣ የአብዛኞቻችን ችግርም እሱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምስክሩን በቦታው የማስቀመጥ ሥራ ነው።

1. ስሜቱን በስሙ ጥሩት፣ በእግዚአብሔር ፊት

ዘፍጥረት 4 ላይ እግዚአብሔር ቃየንን የጠየቀው ገና ወንድሙን ሳይገድል ነው። «ለምን ተናደድህ? ለምንስ ፊትህ ጠቈረ?» አለው። ጥያቄው ስለ ስሜቱ ነው። ኃጢአት ደጅ ላይ እያደባች እንደሆነም አስጠንቅቆታል። ቃየን ግን የመለሰው መልስ ተጽፎ አናገኝም። ዝም አለ፣ ከዚያ ወደ ሜዳ ሄደ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ለዚያ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ድምፃችሁን አውጥታችሁ ወይም በወረቀት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡት፦ «ጌታ ሆይ፣ ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩትም ሰው ፊት ስላዋረደኝ ነው።» «ፈርቻለሁ፤ የፈራሁት ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ነው።» «ቀንቻለሁ።» ይቺ የመጨረሻዋ ከአፍ ለመውጣት በጣም ትከብዳለች፣ ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ «ስለ እሷ እኮ ተጨንቄ ነው» በሚል ልብስ ተሸፍና የምትመጣው።

አሳምራችሁ መናገር አይጠበቅባችሁም። መዝሙር 13 ሲጀምር እግዚአብሔርን አራት ጊዜ «እስከ መቼ» ይለዋል። መዝሙር 88 ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰቆቃ ነው፣ የሚያልቀውም በጨለማ ነው፤ ሌሎቹ መዝሙሮች ላይ እንደለመድነው መጨረሻው ላይ ወደ ምስጋና አይዞርም። ያም ሆኖ ጸሎት ተብሎ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገብቷል። እናንተም እንደዚያ መጸለይ ትችላላችሁ።

2. ጊዜ አትርፉ

ስሜት የሚያሸንፈን በአብዛኛው በፍጥነቱ ነው። እምነት ዘገምተኛ ስለሆነ ሳይሆን፣ እኛ የምናምነውን ለማስታወስ ጊዜ ስለሚያስፈልገን ነው። መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 ላይ ነህምያ ድሆቹ በገዛ ወገኖቻቸው በወለድ መበዝበዛቸውን ሲሰማ እጅግ ተቆጣ ይላል። ቀጥሎ ያለው ቃል ወሳኝ ነው፤ በልቡ አሰበ። ከዚያ በኋላ ነው ሹማምንቱን በግልጽ የወቀሳቸው። ቁጣውን አልካደም፣ ወቀሳውንም አልተወም፣ ግን በመሐል ማሰብን አስገባበት።

ለማሰብ ቀን ቀርቶ ደቂቃ የማይገኝበት ጊዜም አለ። ምዕራፍ 2 ላይ ንጉሡ በድንገት «ምን ትለምነኛለህ?» ሲለው ነህምያ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየና መለሰ። ያቺ ጸሎት ከአንድ ትንፋሽ አትበልጥም። ነገር ግን ከኋላዋ ወደ አራት ወር የሚጠጋ ጾምና ጸሎት ነበራት፤ ምዕራፍ 1ን ስታነቡ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን የሰማው በካሴሉ ወር ነው፣ ንጉሡን ያናገረው በኒሳን። የአንድ ትንፋሽ ጸሎት ጉልበት የሚያገኘው ከዚያ ነው።

በተግባር እኔ የያዝኳቸው ሕጎች እነዚህ ናቸው። በንዴት የተጻፈ መልእክት ሳይታደር አይላክም። የሚያስቆጣ ነገር ፊት ለፊት ሲገጥመኝ «ትንሽ ላስብበትና እመልስልሃለሁ» ማለትን ለምጃለሁ፤ መጀመሪያ ላይ አፍ ላይ ይከብዳል፣ እየዋለ ሲያድር ይቀላል። ትልቅ ውሳኔ ማለትም ሥራ መልቀቅ፣ ገንዘብ መበደር፣ ግንኙነት ማቋረጥ፣ ስሜቱ በተነሣበት ቀን አይወሰንም።

እዚህ ላይ አንድ ጥቅስ በተሳሳተ መንገድ ሲጠቀስ እሰማለሁ። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለውን ይዘው ባልና ሚስት ሌሊቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ የሚያድሩ አሉ። ኤፌሶን 4 ቁጣን አቅፋችሁ አትደሩ ነው የሚለው፣ ክርክሩን ዛሬውኑ ጨርሱ አይልም። «አሁን ደክሞናል፣ እወድሃለሁ፣ ነገ ጠዋት እንነጋገር» ብሎ አብሮ ጸልዮ መተኛት ጥቅሱን መፈጸም ይመስለኛል።

3. የሰውነታችሁን ሁኔታ እዩ

1ኛ ነገሥት 19ን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ኤልያስ በቀርሜሎስ ካየው ድል ማግስት፣ በኤልዛቤል ዛቻ ፈርቶ ሸሸና ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ወዲያው አልገሠጸውም። ተኛ፤ መልአክ ቀስቅሶ አበላው፤ እንደገና ተኛ፤ እንደገና አበላው። «መንገዱ ሩቅ ነውና» ብሎት ነው ሁለተኛ ያበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ «እግዚአብሔር ትቶኛል» የሚል ስሜት ሲመጣ መጀመሪያ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ ጠይቁ። መንፈሳዊ ያልሆነ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። በድካም ሰዓት ስለ ሕይወታችሁ የምትደርሱበትን መደምደሚያ ሁሉ እስክትነቁ ድረስ አቆዩት።

4. የምስክሩን ቃል መርምሩ

ወረቀት ውሰዱና ሦስት መስመር ጻፉ። አንደኛው፣ የሆነው ነገር። ሁለተኛው፣ እኔ የጨመርኩበት። ሦስተኛው፣ እግዚአብሔር ስለዚህ ነገር የሚለው።

ለምሳሌ፦ «ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ደውዬለት አላነሣም» የሆነው ነገር ነው። «ንቆኛል፣ ድሮም ሰው የሚፈልገኝ ሲቸግረው ነው» እኔ የጨመርኩት ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ምን ትጽፋላችሁ? 1ኛ ቆሮንቶስ 13 ፍቅር ሁሉን እንደሚያምን፣ ሁሉን ተስፋ እንደሚያደርግ ይናገራል። እንግዲያው ጓደኛዬን እስክጠይቀው ድረስ በደግ እተረጉመዋለሁ ማለት ነው።

ወደ ኤልያስ እንመለስ፣ ምክንያቱም ይህ ታሪክ አያልቅም። ኮሬብ ላይ «እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ» አለ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ግን ምዕራፍ 18 ላይ አብድዩ 100 ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ እንደሸሸገና እንደሚመግባቸው ነግሮት ነበር! መረጃው ነበረው። ፍርሃቱ ሲናገር ግን መረጃው ከአእምሮው ጠፋ። እግዚአብሔርም ለበአል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው። ስሜት ብርቱ ሲሆን የምናውቀውን እንኳ ያስረሳናል፤ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የጥፋተኝነት ስሜት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ አማኝ የሚሰቃየው በዚህ ነውና። ኃጢአታችሁን ተናዝዛችሁ፣ ንስሐ ገብታችሁ፣ የበደላችሁትንም ሰው ክሳችሁ፣ ስሜቱ ግን አልለቀቃችሁም እንበል። የምትከተሉት የቱን ነው? 1ኛ ዮሐንስ 3፥20 ልባችን ቢፈርድብን እንኳ እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው ይላል። እዚያው መልእክት ምዕራፍ 1 ላይ ኃጢአታችንን ብንናዘዝ ይቅር ሊለን የታመነና ጻድቅ ነው ተብሏል። ይቅርታው የቆመው እሱ ታማኝ በመሆኑ ላይ ነው፤ እናንተ ቀለል ስላላችሁ አይደለም።

የመንፈስ ቅዱስን ወቀሳ ከተራ ክስ የምለይበት መንገድ አለኝ። ወቀሳው የተለየ ነገር ይጠቁማል፤ «ትናንት ለእሷ የተናገርከው ቃል ልክ አልነበረም፣ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ» ዓይነት ነው፣ የምትሠሩት ነገር ይሰጣችኋል። ክሱ ግን ጭጋግ ነው። «አንተ እኮ ድሮም…» ብሎ ይጀምርና መውጫ አያሳይም። የመጀመሪያውን ታዘዙ። ለሁለተኛው ሮሜ 8፥1ን አንብቡለት።

5. ነፍሳችሁን ከመስማት አልፋችሁ አናግሯት

መዝሙር 42 እና 43 ላይ አንድ ዓይነት ቃል ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፦ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» ሰውየው እንባው ቀንና ሌሊት ምግብ ሆኖበታል፤ ሰዎች አምላክህ ወዴት ነው ይሉታል። በመሐል ግን ፊቱን ወደ ራሱ ነፍስ አዙሮ በእግዚአብሔር ታመኚ ይላታል። አንድ ጊዜ ተናግሮ አልቀለለትም። ሦስት ጊዜ አለ። እኛ አንድ ጊዜ ጥቅስ አንብበን «አልሠራልኝም» እንላለን።

ይህን ለማድረግ ቃሉ አስቀድሞ መያዝ አለበት። በማዕበል መሐል መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ መፈለግ ከባድ ነው። እናንተን ብዙ ጊዜ የሚነዳችሁ ስሜት የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለእሱ አንድ ጥቅስ ምረጡና በቃላችሁ አጥኑ። ጭንቀት ከሆነ ፊልጵስዩስ 4፥6-7። ንዴት ከሆነ ያዕቆብ 1፥19-20፤ «የሰው ቁጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ አይሠራምና» የሚለውን። ተስፋ መቁረጥ ከሆነ ሰቆቃወ ኤርምያስ 3፥21-23። እዚያ ላይ ጸሐፊው ከተማው ፈርሶ፣ መከራውን ዘርዝሮ ሳይጨርስ፣ ይህን በልቤ አኖራለሁ፣ ስለዚህ ተስፋ አደርጋለሁ ይላል። ተስፋው ከየትም አልመጣለትም፤ በልቡ ካኖረው ነገር ነው የመጣው።

ጥቅስ ደግሞ እንደ ድግምት አይሠራም። ቃሉን ስትሉት እውነት መሆኑን እያሰባችሁ በሉት፤ «ምሕረቱ ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው፤ እንግዲያው የዛሬው ጉልበቴ ለነገው ሥራ አለመብቃቱ አያሳስበኝም» ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ቀን አውርዱት።

6. የሚቀጥለውን ትንሽ መታዘዝ አድርጉ

ብዙዎቻችን የምንጣበቀው እዚህ ጋ ነው። ስሜታችን እስኪስተካከል እንጠብቃለን። ይቅር ማለት ሲሰማኝ ይቅር እላለሁ፣ የጸሎት መንፈስ ሲመጣልኝ እጸልያለሁ። ማቴዎስ 21 ላይ አባትየው ሁለቱን ልጆቹን በወይኑ አትክልት እንዲሠሩ ሲያዛቸው አንደኛው «አልወድም» አለ፣ ኋላ ግን ተጸጽቶ ሄደ። ሌላኛው «እሺ ጌታዬ» አለ፣ አልሄደም። የአባቱን ፈቃድ ያደረገው የቱ ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ራሳችሁን አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ «የማምነው እውነት ከሆነ፣ በሚቀጥሉት አሥር ደቂቃዎች ምን አደርጋለሁ?» የዓመቱን አትጠይቁ። አሥር ደቂቃ ብቻ። ለበደላችሁ ሰው ስሙን ጠርታችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጸልዩ። ያስጠላችሁን ሥራ ለጌታ እንደምትሠሩት አድርጋችሁ ጀምሩ። ልጃችሁ ላይ ከጮኻችሁ ሂዱና «የእኔ ልጅ፣ የጮኽኩት ልክ አልነበረም» በሉት። ሌሊቱን ሙሉ መረብ ጥሎ ምንም ያልያዘው ጴጥሮስ በሉቃስ 5 ላይ ድካሙን ለኢየሱስ ነግሮት «በቃልህ ግን መረቦቹን እጥላለሁ» ነው ያለው። ዓሣ የሚያዝ አልመሰለውም። ጣለ።

«ሳይሰማኝ ማድረግ ግብዝነት አይሆንም ወይ?» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ለረጅም ጊዜ አስቤዋለሁ። ግብዝነት የሌለንን ስሜት እንዳለን አስመስሎ ማሳየት ነው። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው አሁን አልወደውም፣ አንተ ስላዘዝከኝ ግን ክፉውን አልመልስለትም» ማለት ግን እውነተኛነት ነው። ኢየሱስ ጽዋው እንዲያልፍ መፈለጉን ሳይደብቅ «ነገር ግን አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን» ብሎ ጸልዮ ወደ መስቀሉ ሄደ።

ወንድሜ ጋ የደወልኩ ቀን ውስጤ አንድም የሞቀ ነገር አልነበረም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያዘጋጀሁት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የላክሁልህ መልእክት አጉል ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።» እሱ ትንሽ ዝም አለና «እሺ» አለ። ጥሪው ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ፍቅሩ የተመለሰው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ቀስ እያለ፣ አብረን መጨዋወት ስንጀምር። ስሜቱን ጠብቄ ቢሆን ኖሮ እስካሁንም እጠብቅ ነበር።

7. የሚያስቆማችሁ ሰው ይኑር

1ኛ ሳሙኤል 24 እና 25ን አከታትላችሁ አንብቧቸው። በምዕራፍ 24 ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ነው። ሳኦል 3000 የተመረጡ ሰዎች ይዞ እያሳደደው፣ ብቻውን ወደዚያው ዋሻ ይገባል። የዳዊት ሰዎች እግዚአብሔር ጠላትህን በእጅህ የሰጠህ ቀን ይኸው ይሉታል። ዳዊት የሳኦልን ልብስ ጫፍ ብቻ ቆረጠ፣ ለዚያም ልቡ መታው። እግዚአብሔር በቀባው ላይ እጄን አልዘረጋም አለ። ስሜት፣ አጋጣሚና የጓደኛ ምክር አንድ ላይ «ግደለው» እያሉት፣ እሱ የሚያምነውን ያዘ።

በሚቀጥለው ምዕራፍ ያው ዳዊት ነው። ናባል የሚባል ሀብታም፣ 3000 በጎችና 1000 ፍየሎች ያሉት፣ የዳዊት ሰዎች መንጋውን ሲጠብቁለት ኖረው ስንቅ ቢጠይቁት ሰድቦ መለሳቸው። ዳዊት አልጸለየም፣ አልጠየቀም። «ሰይፋችሁን ታጠቁ» አለ፣ 400 ሰው አስከትሎ የናባልን ቤት ወንድ ሁሉ ሊፈጅ ወረደ። ንጉሥን የማረ ሰው ለአንድ ባለጌ ስድብ ደም ሊያፈስ!

ያዳነችው የናባል ሚስት አቢግያ ናት። በመንገድ ላይ አገኘችው፣ ከአህያዋ ወርዳ ሰገደች፣ ያመጣችውን ስንቅ ሰጠችው፣ ከዚያ ነገ ስትነግሥ ያለ ምክንያት ያፈሰስከው ደም ለልብህ ዕንቅፋት አይሁንብህ አለችው። የተናገረችው እሱ የሚያምነውን ነገር ነው። እግዚአብሔር ቤትህን ይሠራል፣ ነፍስህንም ይጠብቃል፤ እንግዲህ በገዛ እጅህ ለምን ትበቀላለህ? ዳዊት ሰማት፣ ባረካትም። ናባልም አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ሞተ፣ ያለ ዳዊት ሰይፍ።

ከዚህ ሁለት ነገር ወስጃለሁ። የትናንት ድል ለዛሬ አይበቃም፤ በትልቁ ነገር የጸናን ሰዎች በትንሹ ልንወድቅ እንችላለን። ሁለተኛ፣ ዳዊት በንዴቱ ሲነዳ እምነቱን ረስቶታል፣ ሌላ ሰው አስታወሰው። ስለዚህ አንድ ሰው ምረጡ። የንስሐ አባት፣ መጋቢ፣ የጸና እህት ወይም ወንድም ሊሆን ይችላል። የምትመርጡት ሰው ስትናደዱ «ልክ ነህ!» እያለ የሚያሟሙቅ ከሆነ አይጠቅማችሁም፤ እንደዚያ ዓይነቶቹ ዋሻው ውስጥ ነበሩ። አስቀድማችሁ ፈቃድ ስጡት፦ «በስሜት ልወስን ስል ካየኸኝ አስቁመኝ፤ ብቆጣህም አትተወኝ።» ከዚያ እሱ ሳይሰማ ትልቅ ውሳኔ እንዳይወሰን።

8. ደስ የሚለውን ስሜትም መርምሩ

ስለ ስሜት ሲወራ ሁሉም የሚያስበው ስለ ንዴትና ፍርሃት ነው። እኔ ግን ያየሁት ብዙ ስብራት የመጣው ከደስታና ከሙቀት ነው። ዮፍታሔ በጦርነት ዋዜማ ተሳለ፣ ስለቱ በአንድያ ልጁ ላይ መጣ። ጴጥሮስ ከአንተ ጋር መሞት ቢያስፈልገኝ እንኳ አልክድህም ሲል ከልቡ ነበር፤ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ካደ። መክብብ 5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል። ስለዚህ በጉባኤ ሙቀት ውስጥ ቃል ልትገቡ ስትሉ፣ ገንዘብም ሆነ አገልግሎት ወይም ጋብቻ፣ ሁለት ሌሊት አሳድሩት። ከእግዚአብሔር ከሆነ ሁለት ሌሊት አያጠፋውም።

«ሰላም ተሰማኝ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት እየሸሸ፣ በማዕበል መሐል፣ በመርከቡ ውስጥ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። ኢየሱስ ደግሞ ፍጹም እየታዘዘ ላቡ እንደ ደም ጠብታ ሆኖ ይወርድ ነበር። የመረጋጋት ስሜት ብቻውን የመንገዱን ትክክለኛነት አያረጋግጥም፣ ጭንቀትም ስህተቱን አያረጋግጥም። በተለይ ያገባ ሰው ትዳሩን ሊተው ሲል ወይም አንዱ ሌላውን ሊያታልል ሲል «ጸልዬበታለሁ፣ ሰላም አለኝ» ሲል ስሰማ በጣም አዝናለሁ። የእግዚአብሔር ቃል በግልጽ የከለከለው ነገር ላይ የሚሰማን ሰላም ከእሱ የመጣ ሊሆን አይችልም።

9. ቀኑን ቋሚ ችንካር ምቱለት

ዳንኤል 6 ላይ ከንጉሡ በቀር ማንንም የለመነ ወደ አንበሶች ጉድጓድ ይጣል የሚለው አዋጅ እንደወጣ ዳንኤል ወደ ቤቱ ገባ፣ ቀድሞ ያደርግ እንደነበረው በቀን ሦስት ጊዜ ጸለየ። «ቀድሞ ያደርግ እንደነበረው» የምትለዋ ቃል ሁሉን ትናገራለች። ድፍረቱን የአንበሳው ጉድጓድ ቀን አልፈለሰፈውም።

የእኔ ቀላል ነው። ጠዋት ስልክ ሳልከፍት አንድ መዝሙር፣ ከዚያ «ዛሬ የሚያስፈራኝ ወይም የሚያናድደኝ ምን ሊመጣ ይችላል?» ብዬ ስሙን ጠርቼ መጸለይ። ቀትር ላይ አንድ ደቂቃ ቆም ማለት። ማታ ደግሞ ቀኑን መልሶ ማየት፦ ዛሬ ዳኛው ማን ነበር? የት ላይ ስሜቴ ወሰነ? የት ላይ ሳይሰማኝ ታዘዝኩ? ስሜቴ የወሰነበትን እናዘዛለሁ፣ በታዘዝኩበት አመሰግናለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ባይሰማችሁም አድርጉት፤ የሚሰማችሁ ቀን ብቻ የምትጸልዩ ከሆነ ጸሎታችሁንም የሚመራው ስሜታችሁ ነው።

ምስክሩ እውነቱን የሚናገርበት ጊዜ አለ

እዚህ ላይ አደራ። ቤት ውስጥ የሚደበድባችሁ ሰው ካለ፣ ፍርሃታችሁ የሚናገረው እውነት ነው። «በእምነት ቻዪው» የሚል ምክር አትቀበሉ። ዳዊት ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ከፊቱ ፈቀቅ ብሎ በዚያች ሌሊት አመለጠ፤ እምነት አጥቶ አይደለም። ከአደጋው ውጡ፣ ለሚረዳችሁ ሰው ንገሩ፣ ይቅርታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እንደዚሁም ሐዘኑ ሳምንታት አልፎ የማይለቅ ከሆነ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ በተለይ የመሞት ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ ጽሑፍ አይበቃም። ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ተናገሩ። ከክትክታው ዛፍ ሥር እግዚአብሔር መልአክና እንጀራ ልኳል፤ ዛሬ ሐኪምና መድኃኒት ቢልክ አይደንቅም።

ስትወድቁስ?

ትወድቃላችሁ። እኔ ባለፈው ሳምንት እንኳ ወድቄአለሁ። ያን ጊዜ ሌላ ስሜት ይመጣል፤ «አልረባም፣ ልተወው» የሚል። እሱም ምስክር ነው፣ እሱም ይመረመራል። ልጁ የታመመበት አባት በማርቆስ 9 ላይ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ፤ ኢየሱስም እምነትህ ሲሞላ ተመለስ አላለውም፣ ልጁን ፈወሰለት። ያቺን ጸሎት ጸልዩና የሚቀጥሉትን አሥር ደቂቃዎች ያዙ።

ለመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም አንድ ላይ አትሞክሩ። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፋችሁን አንድ ስሜት ምረጡ። ለእሱ የሚሆን አንድ ጥቅስ በወረቀት ላይ ጻፉ። ከሥሩ የምትደውሉለትን ሰው ስም አስፍሩ። ወረቀቱን ማታ ማታ ስልካችሁን የምታስቀምጡበት ቦታ ላይ አድርጉት።